በንግድ ቤት ኮምፒውተር ላይ የፕሮግራም መሥሪያ መሣሪያዎችን ስለ መትከልና ስለ ማዘጋጀት

የንግድ ሥራ በመዝገብ የሚመራ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ዕቃ ሲገባ ይመዘገባል፤ ሲወጣ ይመዘገባል፤ ሲሸጥ ደረሰኝ ይቈረጥለታል፤ በወሩ መጨረሻም ይህ ሁሉ ተደምሮና ተነጻጽሮ ለግብር ማስታወቂያ ይዘጋጃል። ብዙዎቹ የንግድ ቤቶች ይህን ሥራ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ካዛወሩት ዓመታት አልፈዋል፤ ይሁን እንጂ መዝገቡ በኮምፒውተር መያዙ ብቻውን ድካሙን አላስቀረውም። አምስት ሱቅ ያለው የሕንፃ ዕቃ አስመጪ በየማታው ከየሱቁ አንድ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ይደርሰዋል እንበል። ጸሐፊው እያንዳንዱን እየከፈተ ቊጥሩን ወደ ዋናው መዝገብ ሲገለብጥ ያመሻል፤ በግልበጣውም መካከል አንድ ዜሮ ቢዘለል ልዩነቱ የሚታወቀው ምናልባት ከወር በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ተደጋጋሚ ሥራ በጥቂት ደቂቃ የሚፈጽም አነስተኛ ፕሮግራም መጻፍ ዛሬ ለትልልቅ ኩባንያዎች ብቻ የተተወ ነገር አይደለም። በቤቱ ያለ አንድ ትጉህ ሒሳብ ያዥ፥ ወይም ለጥቂት ወራት የተቀጠረ ወጣት ባለሙያ ሊሠራው ይችላል። ብዙ ጊዜ ችግር የሚነሣው ፕሮግራሙን ከመጻፉ ላይ ሳይሆን፥ ፕሮግራሙ የሚጻፍባቸውና የሚሠራባቸው መሣሪያዎች በሥርዓት ሳይተከሉ ከመቅረታቸው ነው። ባለሙያው በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንደ ልማዱ አዘጋጅቶ ይሠራል፤ ሥራውም ያምራል። እርሱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲሄድ ወይም ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ግን በቤቱ ውስጥ ፕሮግራሙን እንደገና ሊያስነሣው የሚችል ሰው ይታጣል። በዚያን ጊዜ ነጋዴው የሚያጣው ለፕሮግራሙ የከፈለውን ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የወሩን ሒሳብ ጭምር ነው።

በዚህ ምክንያት መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚተከሉ፥ እንዴት እንደሚዘጋጁና እንዴት እንደሚጠበቁ ከዚህ ቀጥሎ በተራ ይገለጻል። ለምሳሌ የተመረጠው ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፥ ኮምፒውተሩም በአብዛኛው ቢሮ የሚገኘው ባለ ዊንዶውስ ነው። ለኮምፒውተሩ የሚሰጡት ትእዛዞች በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቢሆኑም እዚህ በአነባበባቸው ተጽፈዋል። የኢትዮጵያ ናቸው ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያዎቹ ምን ምን ናቸው

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ራሱ ፓይተን ነው። ፓይተን በሰው የተጻፈውን ትእዛዝ መስመር በመስመር እያነበበ ለኮምፒውተሩ የሚያስፈጽም አስተርጓሚ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። የፈጠረው ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ የኔዘርላንድ ተወላጅ ሲሆን፥ በአምስተርዳም በሚገኝ የሒሳብና የኮምፒውተር ምርምር ተቋም ሲሠራ በ1989 መጨረሻ ጀምሮት በ1991 ለሕዝብ አወጣው። ስሙ የዘንዶ ስም ቢመስልም የተወሰደው ሞንቲ ፓይተን ከተባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ቀልድ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ የጽሕፈት ገበታ ነው። ፕሮግራም በማናቸውም ተራ የጽሑፍ መሣሪያ ሊጻፍ ቢችልም፥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ የተሳሳተውን መስመር እያመለከተ፥ የተከፈተውን ቅንፍ ከሚዘጋው ጋራ እያገናኘ ሥራውን ያቃልላል። ማይክሮሶፍት በ2015 ያወጣው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ለዚህ ሥራ በብዙ አገር የተለመደ ነው።

ሦስተኛው ፒፕ የተባለው ጥቅል አምጪ ነው። ይህ ከፓይተን ጋራ አብሮ የሚመጣ ሲሆን፥ ሌሎች ሰዎች ሠርተው ያዘጋጁትን የፕሮግራም ክፍል ከሕዝብ ግምጃ ቤት አውርዶ ይተክላል። አራተኛው ጊት ነው። ጊት በፕሮግራሙ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሠራተኛው ባዘዘው ጊዜ ከነቀኑና ከነሰዓቱ የሚመዘግብ መሣሪያ ሲሆን፥ በ2005 የሠራው የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው።

እነዚህ አራቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። እንግዲህ የመሣሪያዎቹ ዋጋ ገንዘብ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው ማለት ይቻላል።

ከመትከል በፊት መደረግ ያለበት

መሣሪያ ከመትከል በፊት መሣሪያው የሚተከልበትን ኮምፒውተር መመርመር ያስፈልጋል። በመጀመሪያ የሚታየው የዊንዶውሱ ዕድሜ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥገና አገልግሎት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ጥገና የማይደረግለት ኮምፒውተር ወዲያው ሥራውን አያቆምም፤ ነገር ግን አዲስ የተገኘ ቀዳዳ የሚደፍንለት ስለሌለ የንግድ ቤቱ መዝገብ የሚቀመጥበት ሊሆን አይገባም።

ይህ ከንቱ ማስፈራሪያ አለመሆኑን በሜይ 2017 የደረሰው ጉዳት ያስረዳል። በዚያ ወር ዋናክራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቈልፎ ገንዘብ ጠየቀ። የእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች እንኳ ሥራቸው ተስተጓጐለ። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን ጥገና ከዚያ በፊት በማርች ወር አውጥቶ ነበር። በጊዜው ጥገናውን የተቀበሉት ዳኑ፤ ነገ ዛሬ ሲሉ የቈዩት ተጐዱ። በተለይ ያለ ፈቃድ የተባዛ ዊንዶውስና የተሰበረ ሶፍትዌር የሚጠቀም ቤት ጥገናው በወቅቱ ላይደርሰው ይችላል፤ ከመስበሪያው ጋራም ሌላ ተንኰል ተሸሽጎ የሚገባበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎም የኮምፒውተሩ ሰዓትና ቀን ይታይ። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው ናይሮቢ ከሚለው ስም ጋራ ነው። ሰዓቱ የተዛባ ኮምፒውተር የሽያጩን ቀን ያዛባል፤ ከኢንተርኔት መሣሪያ ለማውረድ ሲሞከርም የማረጋገጫ ወረቀቱ ጊዜው አልፏል እያለ እንቢ ይላል።

በሦስተኛ ደረጃ ለዚህ ሥራ የሚሆን አንድ ፎልደር ይከፈት። ስሙ በላቲን ፊደል የተጻፈ፥ አጭርና ክፍት ቦታ የሌለበት ቢሆን ይመረጣል። አንዳንድ መሣሪያዎች ክፍት ቦታ ያለበትን ወይም በሌላ ፊደል የተጻፈውን የፎልደር ስም በትክክል ስለማይረዱ፥ ምክንያቱ በቀላሉ የማይገኝ ስሕተት ይፈጥራሉ። አማርኛው በመዝገቡ ውስጥ እንጂ በፎልደሩ ስም ላይ የግድ አይደለም።

ፓይተንን ስለ መትከል

ፓይተን የሚወርደው ከራሱ ከፓይተን ሶፍትዌር ድርጅት ገጽ መሆን አለበት። ከሌላ ገጽ፥ ከወዳጅ ፍላሽ ወይም በማስታወቂያ ከሚመጣ ቦታ መውሰድ ከማይታወቅ ሻጭ ያለ ደረሰኝ ዕቃ እንደ መግዛት ይቈጠራል። ፋይሉ ከወረደ በኋላ ዲጂታል ፊርማው ሊታይ ይገባል። ይኸውም በፋይሉ ላይ የመዳፊቱን ቀኝ ቊልፍ ተጭኖ ባሕርያት የሚለውን ክፍል በመክፈት የሚታይ ነው፤ ፈራሚው የፓይተን ሶፍትዌር ድርጅት ካልሆነ ፋይሉ ይጣል።

የትኛው ዕትም እንደሚመረጥም ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ የፓይተን ዕትም በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ይወጣል፤ እያንዳንዱም ዕትም ለ5 ዓመት ያህል ጥገና ይደረግለታል። ሁለተኛው ፓይተን የተባለው አሮጌ ዘር ከጃኑዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ የተተወ ስለ ሆነ፥ በእርሱ የተጻፈ ፕሮግራም አሁንም የሚሠራበት ቤት ቢኖር ወደ ሦስተኛው ማዛወር ይኖርበታል። ለንግድ ቤት ትናንት የወጣውን ዕትም መሽቀዳደም አያስፈልገውም፤ ከወጣ አንድ ዓመት ያለፈውና ገና ብዙ የጥገና ዘመን የቀረው ዕትም ይመረጣል። ተጨማሪ ጥቅሎቹ ሁሉ ከአዲሱ ዕትም ጋራ እስኪስማሙ ጊዜ ይወስዳልና።

የመትከያው ፋይል ሲከፈት በመጀመሪያው መስኮት ግርጌ ፓይተንን በፓዝ ላይ ጨምር የሚል ትንሽ ሣጥን ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ያልፋል፤ ብዙው ችግርም ከዚህ ይጀምራል። ፓዝ ማለት ኮምፒውተሩ አንድ ትእዛዝ ሲሰጠው ትእዛዙን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው። ተላላኪ ሚስማር እንዲያመጣ ሲታዘዝ የሚሄድባቸው ሱቆች ተነግረውት እንደሆነ፥ ሚስማሩ በሌላ ሱቅ ቢኖር እንኳ የለም ብሎ ይመለሳል። ኮምፒውተሩም ፓይተን በውስጡ ተተክሎ ሳለ፥ ፎልደሩ በፓዝ ላይ ካልተጻፈ ትእዛዙን አላውቀውም ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም የማይክሮሶፍትን መደብር ከፍቶ ፓይተንን እንደ አዲስ ውሰድ ይላል። ስለዚህ ሣጥኑ ምልክት ይደረግበት።

ዕትም 3.14 ከወጣበት ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ድርጅቱ በዚህ በቀድሞው የመትከያ ፋይል ፋንታ የመትከያ አስተዳዳሪ የተባለ አዲስ መሣሪያ ማስለመድ ጀምሯል። ይህ መሣሪያ የተፈለገውን ዕትም ራሱ እያመጣ ይተክላል፤ ፓይ በሚባለው አጭር ትእዛዝም ይጠራል። በየትኛውም መንገድ ቢተከል መጨረሻው ፈተና አንድ ነው። የትእዛዝ መስኮቱ አዲስ ተከፍቶ የፓይተን ዕትም ቊጥር ይጠየቃል፤ የተተከለው ቊጥር ከወጣ ሥራው ተፈጽሟል። ያን ቊጥር ወዲያውኑ በወረቀት መጻፍ ይገባል።

ስለ ተጨማሪ ጥቅሎችና ስለ ተለየ ግምጃ ቤት

ፓይተን ብቻውን የኤክሴል ሠንጠረዥ አያነብም፤ ለዚህ ኦፕንፓይኤክስኤል የተባለ ጥቅል ያስፈልገዋል። እንዲህ ያሉ ጥቅሎች የሚገኙት ከ500,000 በላይ ሥራዎች በተከማቹበት የሕዝብ ግምጃ ቤት ነው። ግምጃ ቤቱ ለማንም ክፍት ስለ ሆነ ቅን ሰውም ተንኰለኛም ያስገባበታል። የስሎቫኪያ የብሔራዊ ጸጥታ መሥሪያ ቤት በሴፕቴምበር 2017 በዚሁ ግምጃ ቤት ዐሥር የሐሰት ጥቅሎች ማግኘቱን አስታወቀ፤ ሁሉም ከታወቁት ጥቅሎች ስም ጋራ እጅግ የሚመሳሰል ስም የተሰጣቸው ነበሩ። አንድ ፊደል የሳተ ጸሐፊ የፈለገውን ትቶ ሌላውን ይተክላል ማለት ነው። ስለዚህ የጥቅሉ ስም ከሠሪው መመሪያ ላይ ይገለበጥ እንጂ ከትዝታ አይጻፍ።

ሌላው አስፈላጊ ነገር ለየሥራው የተለየ ግምጃ ቤት መክፈት ነው። አንድ ነጋዴ የቡናና የጨው ንግድ ቢኖረው ሁለቱን በአንድ መጋዘን ውስጥ ቀላቅሎ አያስቀምጥም። እንዲሁም የሽያጭ መዝገብ ፕሮግራም የሚፈልገው የጥቅል ዕትምና የደመወዝ ፕሮግራም የሚፈልገው ዕትም ሊለያይ ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ቦታ ከተተከሉ አንደኛው ሲታደስ ሌላው ይሰበራል። ከ2012 ጀምሮ ከፓይተን ጋራ የሚመጣው ቬንቭ የተባለው መሣሪያ በየሥራው ፎልደር ውስጥ የተለየ ግምጃ ቤት ይከፍታል። ግምጃ ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይቀሰቀሳል፤ መቀስቀሱም በትእዛዙ መስመር መነሻ ላይ የግምጃ ቤቱ ስም በቅንፍ በመታየቱ ይታወቃል።

ጥቅሎቹ ከተተከሉ በኋላ ፒፕ ፍሪዝ የሚለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን ጥቅል ስምና ዕትም ይዘረዝራል። ይህ ዝርዝር በፋይል ተጽፎ ከፕሮግራሙ ጋራ ይቀመጥ። ዝርዝሩ የዕቃ ቈጠራ ወረቀት ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ግምጃ ቤት በአንድ ትእዛዝ መልሶ ለማቆም ያስችላል።

በሌሎች ሰዎች ጥቅል ላይ መመካት ያለውን አደጋ በማርች 2016 የሆነው ነገር ያሳያል። ጃቫስክሪፕት በተባለው ቋንቋ የተጻፈ 11 መስመር ብቻ ያለው አንድ ትንሽ ጥቅል ባለቤቱ ከሕዝብ ግምጃ ቤቱ ስላነሣው፥ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ እጅግ ብዙ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ሊተከሉ የማይቻሉ ሆኑ። ለዚህ መድኃኒቱ ጥቅሎቹን አውርዶ በቤት ማስቀመጥ ነው። ፒፕ ጥቅሎቹን ሳይተክል ለማውረድ ብቻ ሊታዘዝ ይችላል፤ የወረዱት ፋይሎች በፍላሽ ተቀምጠው ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ከፍላሹ ይተከላሉ። ይህ የሚሠራው ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዐይነት የፓይተን ዕትምና አንድ ዐይነት ዊንዶውስ ሲኖራቸው መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ወይም በሚዘገይበት አካባቢ ለሚሠራ ቅርንጫፍ ይህ ዘዴ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ስለ አማርኛ ፊደል፥ ስለ ኢትዮጵያ ቀንና ስለ ብር ሒሳብ

መሣሪያዎቹ በውጭ አገር የተሠሩ እንደ መሆናቸው የአገሩን መዝገብ እንዲያውቁ ማዘጋጀት የተካዩ ፈንታ ነው። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮች በመጀመሪያው ቀን ሊፈተኑ ይገባል፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ።

አንደኛው ፊደሉ ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በሦስተኛው ዕትም ነው። ፋይል ሲጻፍ ዩቲኤፍ 8 የተባለው አጻጻፍ መመረጥ አለበት፤ በዚህም አጻጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ይህ ካልተመረጠ የደንበኞች ስም በማይነበብ ምልክት ተለውጦ ይገኛል። ከዚህም በላይ ለአንባቢ አንድ የሆኑት ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ፀሐይ ተብላ በአንዱ ሱቅ የተመዘገበች ደንበኛ በሌላው ሱቅ ጸሀይ ተብላ ብትጻፍ፥ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች አድርጎ ይቈጥራል፤ ዕዳዋም በሁለት ይከፈላል። ፕሮግራሙ ስሞችን ከማነጻጸሩ በፊት ተመሳሳዮቹን ፊደላት ወደ አንድ እንዲመልስ መታዘዝ አለበት፤ ወይም ለየደንበኛው የመለያ ቊጥር መሰጠት አለበት። ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። ፓይተን የሚያውቀው የአውሮፓን ቀን ብቻ ነው። አንድ ጸሐፊ ጳጉሜን ዐሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ቢያስገባለት ስሕተት ነው ብሎ ይቆማል፤ ይህ ጉዳቱ ትንሽ ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ዘመን፥ አንደኛ ወር አንደኛ ቀን ተብሎ ቢገባለት ግን ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀብሎ ጃኑዋሪ 1 ቀን 2017 አድርጎ ይመዘግባል። ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ስለ ሆነ ሽያጩ ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ዝም ብሎ የሚያልፍ ስሕተት ከሚጮኸው ስሕተት የከፋ መሆኑ ከዚህ ይታያል። እንግዲህ የቀን መለወጫ ክፍል በፕሮግራሙ ውስጥ እንዲኖር፥ የሐምሌ 1 የበጀት ዓመት መጀመሪያም ጁላይ 8 መሆኑ እንዲፈተን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የብሩ ሒሳብ ነው። ኮምፒውተር ክፍልፋይ ቊጥርን በሁለት አሐዝ ሥርዓት ስለሚይዝ ዐሥረኛን በትክክል ሊጽፍ አይችልም። ፓይተን 0.1 እና 0.2ን እንዲደምር ቢታዘዝ የሚሰጠው መልስ 0.30000000000000004 ነው። 2.5ን ወደ ሙሉ ቊጥር ጠጋ እንዲያደርግ ቢታዘዝም 2 ይሰጣል፤ 3.5ን ግን 4 ያደርጋል፤ በትክክል መካከል ላይ የዋለውን ቊጥር ወደ ጥንዱ የመመለስ ልማድ አለውና። በአንድ ደረሰኝ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ በሺህ ደረሰኞች ድምር ላይ ግን የሳንቲም ልዩነት ይከማቻል፤ የሳንቲም ልዩነት ያለበትን መዝገብም መርማሪ በቀላሉ አያልፈውም። ስለዚህ ለገንዘብ ሒሳብ ከፓይተን ጋራ የሚመጣው ዴሲማል የተባለው ክፍል ሊሠራበት ይገባል። ለፈተናውም 1,250 ብር ዋጋ ያለው ዕቃ ይወሰድ። 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 187.50፥ ጠቅላላው 1,437.50 ብር ሊሆን ይገባል፤ ከዚህ በአንድ ሳንቲም እንኳ የሚለይ መልስ ከመጣ ፕሮግራሙ ለሥራ አልደረሰም።

ስለ ለውጥ መዝገብና ስለ መጠባበቂያ

መልካም ሒሳብ ያዥ የተሳሳተውን መስመር አይፍቅም፤ ገጹንም አይቀድም፤ ማረሚያውን በአዲስ መስመር ይጽፋል እንጂ። ጊትም የሚሠራው እንደዚሁ ነው። የመጀመሪያውን ለውጥ ከመመዝገቡ በፊት የሠራተኛውን ስምና የኢሜይል አድራሻ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ በተመዘገበው ለውጥ ሁሉ ላይ ማን፥ መቼ፥ ምን እንደ ለወጠ ይጽፋል። ዛሬ የተደረገ ማሻሻያ የወሩን ድምር ቢያበላሽ ወደ ትናንቱ መመለስ ይቻላል።

ነገር ግን ይህ ጠባዩ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የባንክ ወይም የኢሜይል የምሥጢር ቃል በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ በጊት ከተመዘገበ፥ በማግሥቱ ቢሰረዝ እንኳ በቀድሞው ገጽ ላይ እንዳለ ይኖራል። እንዲህ የሆነ እንደሆነ መድኃኒቱ መሰረዝ ሳይሆን የምሥጢር ቃሉን ወዲያው መለወጥ ነው። ከመጀመሪያውም የምሥጢር ቃል በተለየ ፋይል ይቀመጥ፤ ያ ፋይል፥ የደንበኞች መዝገብና የቬንቭ ግምጃ ቤት በጊት እንዳይመዘገቡ ስማቸው ጊትኢግኖር በተባለው ዝርዝር ላይ ይጻፍ።

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደ ተባለው ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያለ ሥራ እንቅልፍ የሚነሣ ነው። በሙያው የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ እንዲኖር፥ ቅጂዎቹ በሁለት ዐይነት ማስቀመጫ እንዲያዙ፥ አንዱም ከቤቱ ውጭ እንዲቀመጥ ያዛል። ይህ ማለት አንዱ በኮምፒውተሩ፥ አንዱ ከሥራ በኋላ በሚነቀል ተንቀሳቃሽ ዲስክ፥ አንዱም በሌላ ቦታ ማለት ነው። ዲስኩ ይነቀል መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፋይል የሚቈልፍ ተንኰለኛ ፕሮግራም የተሰካውን ዲስክ ሁሉ አብሮ ይቈልፋልና።

ፕሮግራሙ በየማታው ራሱ እንዲሠራ ስለ ማድረግ

ዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር የተባለ ሰዓት ጠባቂ አለው። ሱቆቹ ሠንጠረዣቸውን በ11 ሰዓት ተኩል የሚልኩ ከሆነ ፕሮግራሙ ከምሽቱ በ12 ሰዓት እንዲጀምር ይታዘዛል፤ ለኮምፒውተሩ ይህ 18 ሰዓት ተብሎ ይጻፍለታል። በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይረሳሉ። የመጀመሪያው፥ የሚጠራው ፓይተን በቬንቭ ግምጃ ቤት ውስጥ ያለው እንጂ ጠቅላላው መሆን የለበትም፤ ጠቅላላው ከተጠራ ጥቅሎቹን አላገኘኋቸውም ይላል። ሁለተኛው፥ ሥራው የሚጀመርበት ፎልደር ተለይቶ መጻፍ አለበት። ሦስተኛው፥ መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ያለፈ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ሲበራ ያመለጠውን ሥራ ወዲያው እንዲጀምር የሚያዝዘው ሣጥን ምልክት ይደረግበት። ፕሮግራሙም ሥራውን በጀመረና በጨረሰ ቊጥር አንድ መስመር በዕለት መዝገብ ላይ እንዲጽፍ ይደረግ፤ ጸሐፊው ጠዋት ሲገባ በመጀመሪያ የሚያየው ያንን መስመር ይሁን። በመጀመሪያው ወርም የእጁ መዝገብ አይቋረጥ፤ ሁለቱ ለአንድ ሙሉ ወር ተነጻጽረው ያለ ልዩነት ከተገኙ ብቻ የእጁ ሥራ ይቁም።

የመጨረሻው ፈተና

በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ስለዚህ ተከላው ተፈጸመ የሚባለው ፕሮግራሙ ስለ ሠራ አይደለም፤ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ሲኖረው ነው። በዚያ ገጽ ላይ የዊንዶውሱና የፓይተኑ ዕትም፥ የሥራው ፎልደር፥ የጥቅሎቹ ዝርዝር ያለበት ፋይል ስም፥ ግምጃ ቤቱን የሚከፍቱትና የሚቀሰቅሱት ትእዛዞች፥ የመጠባበቂያው ቦታና ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ሰዓት በተራ ቊጥር ይጻፋሉ። የምሥጢር ቃል ግን በዚህ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ታሽጎ በካዝና ይቀመጣል።

ከዚህ በኋላ ነጋዴው ባለሙያውን የመጨረሻ ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ያድርግ። ሌላ ባዶ ኮምፒውተር ያቅርብ፤ ወረቀቱን ፕሮግራሙን ላልጻፈ ለሌላ ሠራተኛ ይስጥ፤ ባለሙያው ሳይናገር አጠገቡ ይቀመጥ። ሠራተኛው ወረቀቱን ብቻ እያነበበ መሣሪያዎቹን ተክሎ፥ የትናንቱን ሽያጭ ደምሮ ከዋናው መዝገብ ጋራ እኩል ካገኘው ተከላው ተፈጽሟል። በመካከሉ ባለሙያው እንዲናገር ያስገደደው ነገር ቢኖር ያ ነገር በወረቀቱ ላይ የጐደለ ነውና ይጨመር፤ ፈተናውም እንደገና ይጀመር። ይህ አንድ ቀን ይፈጃል። ያን አንድ ቀን የቈጠበ ቤት ባለሙያው በሄደ ማግሥት ከአንድ ቀን ይልቅ ብዙ ቀን ይከፍላል፤ ያን ቀን የሰጠ ቤት ግን ፕሮግራሙን የአንድ ሰው ትዝታ ሳይሆን የቤቱ ንብረት ያደርገዋል።